በቀጭን ቱቦ የሚወጣው ዲስክ

የወገብ ኤምአርአይ ውጤት የያዘ ሰው ወረቀቱ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚለየው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ "ኤል4-ኤል5" የሚል የቦታ ስምና "ዲስክ" የሚል ቃል። ቤት ሲገባ "ዲስኬ ተንሸራቷል አሉኝ" ይላል። ከዚያ ምክሩ ይዘንባል። አንዱ "ወገብህን ቢላ እንዳታስነካ፣ ሽባ ሆነህ ትቀራለህ" ይለዋል። ሌላው "አሁንማ ምን አለው፣ በትንሽ ቀዳዳ አውጥተውልህ በማግስቱ ቤትህ ነህ" ይላል። የመጀመሪያው ከሚገባው በላይ ያስፈራል፤ ሁለተኛው ከሚገባው በላይ ያባብላል። እኔ እዚህ ይበልጥ የምከራከረው ከሁለተኛው ጋር ነው። የቀዳዳው ማነስ እውነት ቢሆንም ታማሚው መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ አይደለምና።

ከቃሉ እንጀምር። ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል የሚቀመጥ ትራስ ነው፤ አይንሸራተትም። ከበላዩና ከበታቹ ካሉት አጥንቶች ጋር ተጣብቆ የተያዘ ስለሆነ ከቦታው ሾልኮ የሚሄድበት መንገድ የለውም። ከአንገት እስከ ወገብ 24 የሚንቀሳቀሱ የአከርካሪ አጥንቶች አሉን፦ 7 በአንገት፣ 12 በደረት፣ 5 በወገብ። ዲስኮቹ ደግሞ 23 ናቸው። የእያንዳንዱ ዲስክ ውጪ እንደ ሽንኩርት በተደራረቡ ንጣፎች የተሠራ ጠንካራ ቀለበት ነው፤ የአንዱ ንጣፍ ክሮች ወደ ግራ ሲያዘምሙ የቀጣዩ ወደ ቀኝ ያዘምማሉ። መሃሉ ላይ በወጣትነት ዘመን አብዛኛው ውሃ የሆነ ዝልግልግ ነገር አለ። ስንቆም፣ ስናጎነብስ፣ ስንሸከም ይህ ዝልግልግ ጫናውን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ያከፋፍለዋል፤ ቀለበቱ ደግሞ አፍኖ ይይዘዋል።

ዕድሜ ሲገፋ ውሃው ይቀንሳል፣ ቀለበቱም እዚህም እዚያም ይሰነጠቃል። የአዋቂ ሰው ዲስክ እስከ መሃሉ የሚዘልቅ የደም ሥር የለውም። ምግቡንም ኦክስጅኑንም የሚያገኘው ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ቀስ እያለ በሚሰርግ ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ሲቀደድ እንደ ቆዳ ቶሎ አይገጥምም። ስንጥቁ እስከ ውጪ ከደረሰ የመሃሉ ነገር በዚያ በኩል ይወጣል። አንዳንዱን ሰው ከባድ ዕቃ ሲያነሳ፣ አንዳንዱን ሲያስነጥስ ይይዘዋል፤ "ይህን አድርጌ ነው" የሚለው ምክንያት ፈጽሞ የሌለውም ብዙ ነው።

የዲስኩ ጀርባ መሃል ለመሃል ቁልቁል በሚወርድ ረጅም ጅማት የተደገፈ ነው። የሚወጣው ነገር ይህን ጅማት ሸሽቶ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያደላል። ክፋቱ ወደ እግር የሚወርደው የነርቭ ሥር የሚያልፈው በዚያው ጥግ መሆኑ ነው። በወገብ ላይ ከሚከሰተው የዲስክ መውጣት ከ10 ዘጠኝ የሚሆነው በታችኞቹ ሁለት ቦታዎች፣ በኤል4-ኤል5 (በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል) እና በኤል5-ኤስ1 (በአምስተኛውና ከሥሩ ባለው አጥንት መካከል) ላይ ነው።

ስለዚህ የወጣ ዲስክ ዋና ምልክቱ የወገብ ሕመም ሳይሆን የእግር ሕመም ነው። ከዳሌ ተነስቶ በጭን ጀርባ አልፎ ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም። የሚወርድበት መንገድ ራሱ የተነካውን ነርቭ ይናገራል። ኤል4-ኤል5 ላይ የወጣ ዲስክ በአብዛኛው የሚጫነው ኤል5 የተባለውን ነርቭ ነው፤ ሰውየው የእግሩ የላይኛው ገጽ ይደነዝዘዋል፣ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ማንሳት ይከብደዋል፣ ሲብስ በተረከዙ መቆም ያቅተውና ሲራመድ የጫማው አፍንጫ መሬት ይጭራል። ኤል5-ኤስ1 ላይ ከሆነ ተራው የኤስ1 ነው፤ ባቱን ያመዋል፣ የእግሩ ውጪ በትንሿ ጣት በኩል ይደነዝዛል፣ በእግሩ ጣቶች መቆም ያቅተዋል። ሐኪሙ ፎቶውን ብርሃን ላይ ከመስቀሉ በፊት አውራ ጣትዎን ተጭኖ "ወደ ራስዎ ይሳቡት" የሚለው ለዚህ ነው። በጀርባዎ አስተኝቶም እግርዎን ሳይታጠፍ ቀስ እያለ ያነሳዋል። በዚያን ጊዜ ሕመሙ ከጉልበት በታች ከወረደ የተወጠረ ነርቭ አለ ማለት ነው። ይህ ምርመራ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። እሱን ዘልሎ ፎቶ ብቻ አይቶ "ቀዶ ጥገና ያስፈልግዎታል" የሚል ሐኪም ካጋጠመዎት፣ እኔ ብሆን ሌላ ሐኪም እጨምራለሁ።

ምክንያቱም ኤምአርአይ ከሚፈለገው በላይ ያያል። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ የታወቀ ጥናት ወገባቸውን የማያማቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ ተነስተው ነበር። ከእነዚህ ጤነኞች ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ ያበጠ ዲስክ ተገኘባቸው፤ 27 በመቶው ደግሞ ከእብጠት አልፎ የተገፋ ዲስክ ነበረባቸው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነገር ዲስክዎ ከዕድሜዎ ጋር መሸበቱን ብቻ ሊሆን ይችላል። ቀዶ ጥገና ትርጉም የሚኖረው ሦስት ነገሮች ሲገጥሙ ነው፦ ሕመሙ የሚወርድበት መንገድ፣ በምርመራ የተገኘው ድካም ወይም መደንዘዝ፣ ፎቶው ላይ የሚታየው ቦታ። ቀኝ እግሩን ለሚያመው ሰው በግራ በኩል የወጣ ዲስክ ቢነሳለት ቀዳዳው የመርፌ ያህል ቢሆንም ዋጋ የለውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያምነው ነገር አለ። የወጣው ቁራሽ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይከስማል። ከዲስኩ ውስጥ አፈትልኮ የወጣውን ነገር ሰውነት እንደ ባዕድ ይቆጥረዋል፤ አዳዲስ የደም ሥሮች ይከቡታል፣ በላተኛ የደም ሴሎች ይሰፍሩበትና እየቆረጣጠሙ ይጨርሱታል። የሚገርመው ፎቶው ላይ ይበልጥ የሚያስፈራው ይበልጥ የሚከስመው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ጥናቶችን ሰብስቦ ያየ ትንታኔ ከዲስኩ ተቆርጠው ከተለዩት ቁራሾች 96 በመቶዎቹ፣ ቀለበቱን ጥሰው ከወጡት 70 በመቶዎቹ፣ ተገፍተው ከጎበጡት 41 በመቶዎቹ፣ ዝም ብለው ካበጡት ደግሞ 13 በመቶዎቹ በራሳቸው እንደቀነሱ አግኝቷል። ሕመሙም የሚመጣው ነርቩ ስለተጨመቀ ብቻ አይደለም። ከዲስኩ መሃል የሚፈሰው ነገር ራሱ ነርቩን ያስቆጣዋል፣ ያቃጥለዋል። ቁራሹ ገና ፎቶው ላይ እያለ ሕመሙ የሚለቀው ሰው ያለውም ለዚህ ነው፤ ቁጣው በርዷል።

ስለዚህ ለአብዛኛው ታማሚ የመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 12 ሳምንታት የመጠበቂያ ጊዜ ናቸው። መጠበቅ ሲባል አልጋ ላይ መዋል አይደለም፤ በሚቻለው መጠን መንቀሳቀስ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ ፊዚዮቴራፒ፣ አንዳንዴም ነርቩ አጠገብ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ነው። የደች ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት ጥናት ነገሩን በደንብ ያሳያል። ለ6 እስከ 12 ሳምንት በከባድ የእግር ሕመም የቆዩ 283 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ቶሎ ቀዶ ጥገና እንዲደረግላቸው፣ ግማሾቹ እንዲጠብቁ ሆነ። ቶሎ የተቀደዱት ቶሎ ዳኑ፤ የመዳኛው መካከለኛ ጊዜ 4 ሳምንት ነበር፣ የጠባቂዎቹ 12። ዓመት ሲሞላ ግን ከሁለቱም ወገን 95 በመቶው ድኖ ነበር። ከጠባቂዎቹ 39 በመቶዎቹ በመሃል መታገስ አቅቷቸው ቀዶ ጥገና መደረጋቸውም አብሮ ይነገር። ቀዶ ጥገናው በአብዛኛው የሚገዛው ጊዜ ነው። ሌሊት ተኝቶ ለማያድር፣ ቁጭ ብሎ መሥራት ላቃተው ሰው ሁለት ወር ትንሽ ነገር አይደለም።

መጠበቅ የማይፈቀድበት አንድ ሁኔታ አለ፣ እሱን በቃል መያዝ ይገባል። ህብለ ሰረሰር በወገብ የላይኛው ክፍል አካባቢ ያበቃና ከዚያ በታች ነርቮቹ እንደ ፈረስ ጭራ ተዘርግተው ይወርዳሉ። ትልቅ ቁራሽ ይህን ጭራ በሙሉ ሲጨፈልቀው ሰውየው ኮርቻ ላይ ሲቀመጥ የሚነካው የሰውነቱ ክፍል ይደነዝዛል፤ ሽንት ይያዝበታል ወይም ሳያውቀው ያመልጠዋል፤ ሰገራም እንዲሁ፤ ሁለቱም እግሮች ሊዝሉ ይችላሉ። ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው፣ ለነገ ቀጠሮ አይተውም፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። እግር ከቀን ወደ ቀን እየዛለ ከሄደም እንዲሁ ቶሎ መታየት አለበት።

አሁን ወደ ቀዳዳው። እ.ኤ.አ. በ1934 ሚክስተርና ባር የተባሉ ሁለት የቦስተን ሐኪሞች፣ እስከዚያ ድረስ እንደ ዕጢ ይቆጠር የነበረው እብጠት ከዲስክ የወጣ ነገር መሆኑንና የእግር ሕመም የሚያስከትለውም እሱ መሆኑን ጻፉ። የዚያን ጊዜው ቀዶ ጥገና ሰፊ ነበር፤ ጡንቻው ከአጥንቱ ይገፈፋል፣ ከአከርካሪው ጀርባ ብዙ አጥንት ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳርጊልና ካስፓር ማይክሮስኮፕ አስገቡበት፤ ብርሃኑና ማጉላቱ ሲመጣ ቁስሉ ወደ ጥቂት ሴንቲሜትር አነሰ። ቱቦው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1997 በፎሊና በስሚዝ እጅ ነው። በጎን በኩል ደግሞ ጃፓናዊው ሂጂካታና በአሜሪካ የሠራው ካምቢን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ዲስኩን ከጎን በኩል በቀጭን መሣሪያ የሚደርሱበትን መንገድ ሲጠርጉ ነበር፤ የዛሬው የኢንዶስኮፕ (ካሜራ ያለው ቀጭን ዘንግ) ቀዶ ጥገና የዚያ ልጅ ነው።

በቱቦ የሚደረገው እንዲህ ነው። ታማሚው በሆዱ ይተኛል፤ ደረቱና ዳሌው ሥር ድጋፍ ይደረግለትና ሆዱ እንዲንጠለጠል ይተዋል። ሆድ ከተጨቆነ በአከርካሪው ቦይ ውስጥ ያሉት ደም መላሽ ሥሮች ይሞላሉ፣ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ ጥቂት ደምም ዓይን ይጋርዳል። ቀጥሎ ቀጭን መርፌ ይገባና በራጅ ይታያል። አጥንቶቹ ከታች ወደ ላይ ይቆጠራሉ፤ ከቆዳ በላይ ሲታይ ሁሉም ወገብ አንድ ዓይነት ነው፣ አንድ ደረጃ ተሳስቶ ጤነኛውን ዲስክ መክፈት በዚህ ሙያ የታወቀ ጥፋት ነው። ከመሃል ትንሽ ወደ ጎን 2 ሴንቲሜትር ያህል ቆዳ ይቀደዳል። በዚያ ቀጭን ዘንግ ይገባል፣ በላዩ ወፈር ያለ፣ በዚያም ላይ ሌላ ይሰካል። ጡንቻው አይቆረጥም፤ ክሮቹ እንደ መጋረጃ ይገለላሉ። መጨረሻ ላይ 16 ወይም 18 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ብቻ ይቀርና የውስጦቹ ይወጣሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በሙሉ በዚያች ክብ ውስጥ ነው። ከላይኛው አጥንት ጠርዝ ጥቂት ይፋቃል፣ በሁለቱ አጥንቶች መካከል የተዘረጋው ቢጫ ጅማት ይከፈታል። ከሥሩ ነርቩ ይታያል፤ የተጨመቀ ነርቭ ያብጣል፣ ይቀላል፣ እንደ ክራር ክር ይወጠራል። ቀዶ ሐኪሙ በትንሽ መንጠቆ ወደ መሃል ገለል ያደርገዋል፤ ከሥሩ ቁራሹ አለ። በቀጭን መቆንጠጫ ተይዞ ቀስ እያለ ሲሳብ የሚወጣው የራሰ ጥጥ የመሰለ፣ ነጣ ያለ፣ ክር ክር የሚል ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የጣት ጥፍር ቢያህል ነው። ያን ሁሉ ሌሊት ያሳጣው ይህ ነው። ሲወጣ ነርቩ ዓይን እያየ ይላላል። "ዲስኬን አወጡልኝ" የሚሉ ሰዎች የሚያወሩት ስለዚህ ቁራሽ ነው እንጂ ዲስኩ አብዛኛው እዚያው ይቀራል።

በኢንዶስኮፕ ሲሆን ቀዳዳው ከዚህም ያንሳል፣ ከ7 እስከ 8 ሚሊሜትር። በአንድ ቀጭን ዘንግ ውስጥ መብራቱ፣ ካሜራው፣ የመሣሪያው መተላለፊያና ጨዋማ ውሃ የሚፈስበት ቦይ አብረው አሉ፤ ውሃው ደሙን እያጠበ ዕይታውን ያጠራል። ዘንጉ ከጎን በኩል፣ ነርቩ ከአከርካሪው በሚወጣበት ተፈጥሯዊ መስኮት ሲገባ አጥንት መንካት አይኖርም ወይም ጥቂት ነው። ይህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ በአካባቢ ማደንዘዣና በጥቂት ማረጋጊያ ስለሚሠራ ታማሚው ነቅቶ ይናገራል። መሣሪያው ወደ ነርቩ ሲጠጋ "እግሬን!" ይላል፣ ሐኪሙ እጁን ይሰበስባል። ከማሽን ሁሉ የተሻለ ማስጠንቀቂያ ነው ብል አላጋነንኩም። ከጎን የሚገባው መንገድ ግን ለሁሉም ቦታ አይሆንም። ኤል5-ኤስ1 ላይ የዳሌ አጥንት ከፍ ብሎ መንገዱን የሚዘጋባቸው ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ ከጀርባ መግባት ይቀላል።

ታዲያ ትንሿ ቀዳዳ ትሻላለች? ጥናቶቹ እንደ ማስታወቂያው አይጮሁም። እ.ኤ.አ. በ2009 በ328 ሰዎች ላይ ቱቦውን ከተለመደው የማይክሮስኮፕ ቀዶ ጥገና ጋር ያነጻጸረ ጥናት ቱቦው እንደማይበልጥ አገኘ፤ እንዲያውም በሕመም መጠን የተለመደው በጥቂቱ ቀደም ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 በ613 ሰዎች ላይ ከጎን የሚገባውን ኢንዶስኮፕ ያየ ሌላ ጥናት ደግሞ በዓመቱ የእግር ሕመምን በማስለቀቅ ከማይክሮስኮፑ እንደማያንስ አሳየ። ከእነዚህ የምወስደው ይህን ነው፦ የጡንቻ ጉዳቱ፣ የሆስፒታል ቆይታውና ጠባሳው ያንሳል፤ የእግሩ መዳን ግን በሁሉም መንገድ ተቀራራቢ ነው። ዘዴው ለመማር ረጅም ጊዜ የሚፈልግ ስለሆነ የሐኪሙ እጅ ከቱቦው ስፋት የበለጠ ይመዝናል። "ይህን በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራሉ? መሃል ላይ ካልሆነስ ወደ ምን ይቀይራሉ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

አንድ ማደናገሪያ ግን መጠቆም አለብኝ። "ያለ ቀዶ ጥገና በመርፌ" እየተባለ በሌዘር፣ በሙቀት ወይም በኦዞን የዲስኩን መሃል ለማሟሸሽ የሚደረገው ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ቀለበቱ ባልተቀደደና ውስጡ ባልወጣ ዲስክ ላይ ነው ሊሠሩ የሚችሉት። ጥሶ የወጣ ቁራሽ ነርቭ ላይ ተቀምጦ ሳለ የዲስኩን መሃል ማሟሸሽ ቁራሹን ከቦታው አያነሳውም። አጥንት በአጥንት ላይ ለተንሸራተተበትም ሰው ቁራሽ ማውጣት ብቻውን ላይበቃ ይችላል።

አደጋው ትንሽ እንጂ ባዶ አይደለም። የነርቮቹን ከረጢት የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ሊቀደድና ፈሳሹ ሊፈስ ይችላል፤ ያኔ ይሰፋል ወይም ይለጠፋል፣ ታማሚው ለጥቂት ጊዜ እንዲተኛ ይደረጋል። ኢንፌክሽን አለ፣ የነርቭ ጉዳት አለ። ከጎን በገባው መንገድ ደግሞ ከቀናት በኋላ እግር ላይ ለጊዜው የሚያቃጥል ስሜት የሚመጣባቸው አሉ። ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው ግን የዲስኩ ዳግም መውጣት ነው። ጥናቶች ከ5 እስከ 15 በመቶ ያደርሱታል። ቀለበቱ ላይ ያለው ቀዳዳ አልተደፈነም፤ በዚያው በር ሌላ ቁራሽ ሊወጣ ይችላል።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ይራመዳል። መጀመሪያ የሚለቀው የእግሩ ንዝረት ነው፣ አንዳንዱን ከማደንዘዣው ሲነቃ ጀምሮ። የዛለው ጡንቻ ለመመለስ ሳምንታትና ወራት ይወስዳል፤ መደንዘዙ የመጨረሻው ነው፣ ጥቂት ቀርቶ ሊኖርም ይችላል። የወገብ ሕመሙ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቀዶ ጥገናው የተደረገው ለነርቩ ነው፤ ያረጀው ዲስክ ያረጀ ሆኖ ይቀጥላል። ይህ አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው እግሩ ድኖ ሳለ "አልዳንኩም" ይላል፣ አይፈረድበትም። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዕቃ ማንሳት፣ ማጎንበስና ወገብ መጠምዘዝ ይከለከላል፤ መራመድ ግን በየቀኑ እየተጨመረ ይሄዳል።

ከወራት በኋላ የእግሩ ሕመም ተመልሶ ከመጣ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ አዲስ ቁራሽ ወይም በቁስሉ ቦታ ያደገ ጠባሳ። ያለ መድኃኒት የተነሳ ኤምአርአይ ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል። በደም ሥር የሚሰጠው የንጽጽር መድኃኒት ሲጨመር ግን ጠባሳው ደም ስላለው ሙሉ በሙሉ ይደምቃል፤ የዲስክ ቁራሽ ግን የደም ሥር ስለሌለው መሃሉ ጨልሞ ዳር ዳሩ ብቻ ይበራል። አዲስ ቁራሽ ከሆነ እንደገና መጠበቅም ማውጣትም ይቻላል። ጠባሳ ከሆነ ግን ዳግመኛ መክፈት ሌላ ጠባሳ ስለሚጨምር ብዙ ቀዶ ሐኪሞች እጃቸውን ይሰበስባሉ።